ሽቦው አይሳሳትም

«ይኼ ሰዓት ልጄን ከሥራ ሊያስባርርልኝ ነው» አለች እናቴ፣ በማንኪያዋ ወደ ወጥ ቤቱ ግድግዳ እያመለከተች። ታናሽ እህቴ አንዱን ጫማ አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ገና አሁን ከበሩ መውጣቷ ነው፤ ደረጃው ላይ እርምጃዋ አንዱ ጠንከር፣ አንዱ ለስለስ እያለ ይሰማል። ሬዲዮው «አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል» ብሎ ዜናውን ሲጀምር የኛ ሰዓት አሥራ ሁለት ከሃያ አራት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው። እናቴ የተናገረችው ለሰዓቱ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሰዓቱን ቅዳሜ ማታ አውርጄ፣ ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ዘይት አስነክቼ መልሼ የሰቀልኩትም እኔው ነኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው። «አባትሽ የሰቀለው ሰዓት ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረኝም» ብላ ጨመረችበት፣ ጨው እንደምትጨምረው ሁሉ ሳትለካ። ላስተካክለው ወንበር ስስብ ደግሞ ቀና ሳትል «ተይው» አለችኝ፤ «ስትነኪው ነው የሚብስበት።»

ስድስት ደቂቃ ለሌላ ቤት ምንም አይደለም። እህቴ ኮሌታ የምትሰፋበት ሸሚዝ ፋብሪካ ግን አንድ ሰዓት ላይ በሩን ይዘጋል፤ ሦስት ጊዜ የዘገየ ደግሞ አራተኛ ቀን የለውም። ባለፈው ሐሙስ አንድ ጊዜ ተመዝግባለች። ዛሬ ሁለተኛዋ ነው። ስልኳ መስታወቱ ተሰብሮ ጥገና ቤት ከተኛ ወር አልፎታል፤ እናቴ ደግሞ ስልክን ሰዓት አትለውም፣ «ብዙ የሚያወራ ነገር አይታመንም» ባይ ናት። እኔም ብሆን ስንት ሰዓት ነው ብዬ ስልክ አልጠይቅም። ኩራት ነው፣ አልክድም። ዳቦ ጋጋሪ ከሌላ ዳቦ ቤት ዳቦ ገዝታ ስትወጣ እንደ መታየት ነው የሚሆንብኝ። ሻዬን በቁሜ ጠጥቼ ወጣሁ። ስወጣ እናቴ የታጠበውን ድስት ደግማ ታጥብ ነበር። ቤታችን ውስጥ እንዲህ ነው፤ ነገሩ ሲከብድ ዕቃ ማጠብ ይበዛል።

ሰዓት ሠሪ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። አባቴ ሴት ልጅ ካቻቢቴ ስትይዝ ማየት አይወድም ነበርና፣ እሱ ምሳውን ሊበላ ሲሄድ የፈታሁትን ሳይመለስ እየገጠምኩ ነው የተማርኩት። ሲሞት ግን የቆርቆሮ ሱቁም፣ ጠረጴዛውም፣ ደንበኛውም ለኔ ቀረ፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሳይሆን ሌላ የሚችል ስላልነበረ ነው። ከሁለት ወር በፊት ባትሪ ድንጋይ ከገበያ ጠፋ። የሚመጣው ከድንበር ማዶ ካለችው ትልቋ ጎረቤት አገራችን ነበር፣ እንደ ክብሪቱ፣ እንደ መርፌው፣ እንደ ስልክ መስታወቱ። ምክንያቱን ያላወቀ የለም። ድንበር አጠገብ ያለውን የማዕድን ተራራ ለስልሳ ዓመት ስጡን አሉ፤ የኛዎቹ «እናስብበት» አሉ። ትልቅ ሰው ደግሞ «እናስብበት» ሲሉት ስድብ ነው የሚመስለው። ባትሪው ሲጠፋ ሰው ሁሉ ከየሣጥኑ የአባቶቹን የሽቦ ሰዓት ያወጣ ጀመር፤ ሶኬት ላይ የሚሰካውን፣ ከግድግዳው ጋር የሚያርጀውን። ለኔ ጥሩ ጊዜ ነበር። ጠረግኩ፣ ቀባሁ፣ ገጠምኩ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ይሆነዋል፣ ማዶዎቹ ከነሱ የሚመጣልንን የመብራት መስመርም «ለጥገና» ብለው ዘጉት። እኔ በጥገና የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ይህን ያህል የቆየ ጥገና ቢኖርብኝ ደንበኛዬ በሩን ሰብሮ ይገባ ነበር። መብራቱ ግን አልጠፋም። የመንገዶቹ ብቻ ጠፉ። «አየሽ፣ ያለ እነሱም እንኖራለን» እያለ ሰዉ ደረቱን ነፋ፤ እኔም ነፋሁ።

ሱቄ ስደርስ ደጃፉ ላይ ሰዓት የታቀፉ ሰዎች ቆመዋል። ከፊሉ በጨርቅ ጠቅልሎታል፣ ከፊሉ እንደታመመ ዶሮ ብብቱ ሥር ወትፎታል። ግድግዳ የምንጋራው ቁልፍ ቀራጭ ሞረዱን አቁሞ ቆጠራቸው።

«ሰባት ተመለሱ» አለ። «አንቺ ሰዓት አይደለም የምትሠሪው፣ እርግብ ነው። የትም ብትለቂው ማታ ወደ ቤቱ።»

«አንተ የቀረጽከው ቁልፍ ግን አይመለስም፤ ባለቤቱ ውጭ ስለሚያድር።»

ሣቀልኝ። ሰልፈኞቹ ግን አልሣቁም። የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት። ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጣ «ልጄ፣ አልከፋሁም» አለችኝ፤ «ግን አባትሽ ነፍሱን ይማረውና፣ እጁ ሌላ ነበር።» ከተሳደበችኝ ይልቅ ይኼ አንጀቴን በላው። የበላኝም የሆዴን ስለማውቅ ነው። የሰዓት ዘይት ካለቀ ሁለት ወሩ ነው፤ እሱም የሚመጣው ከዚያው ነበር። እኔ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ እያጣራሁ ነበር የምቀባው። ለማንም አልነገርኩም። ሰባቱንም ተቀብዬ መደርደሪያው ላይ ስደረድር፣ ዘይቱ ወፍሮ ጥርሶቹን እየያዘ እንደሆነ፣ በከተማው ግድግዳ ሁሉ ላይ የኔ ስንፍና ተሰቅሎ እየዞረ እንደሆነ፣ ያለ ጥርጥር አመንኩ።

አራት ሰዓት ላይ ከፋብሪካው ተላከብኝ። የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹ «አቶ ደንብ» ነው የሚሉት፤ ወረቀት ሳያይ አያስነጥስም ይሉታል። በሩ ላይ ጥበቃው ስልኬን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከራሱ በላይ ትንሽ ክብ ሰዓት ተሰቅላለች፤ በባትሪ የምትሠራ ናት፤ አቶ ደንብ ለሷ የሚሆን ድንጋይ ከየት እንደሚያመጣ ማንም አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ደግሞ ከሁለት መቶ የስፌት መኪና በላይ አባቴ የሰቀለው ትልቁ የሽቦ ሰዓት ይታያል። በሁለቱ መካከል ስድሳ እርምጃ አለ። ስድሳውን እርምጃ ሄጄ ቀና ስል በሩ ላይ አራት ከሃያ የነበረው አዳራሹ ውስጥ አራት ከሁለት ሆነ። እህቴ መኪናዋን ሳታቆም፣ ከንፈሯንም ሳታንቀሳቅስ በሚባል ሁኔታ «ጠዋት በበሩ ሰዓት እንቀጣለን» አለችኝ፤ «ማታ በአዳራሹ ሰዓት እንለቀቃለን። መሃል ላይ ያለው አሥራ ስምንት ደቂቃ የማን ነው?»

አቶ ደንብ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ተቀበለኝ። «ሁለት አባወራ ያለበት ቤት አይቼ አላውቅም» አለ። «ሠራተኛው ማጉረምረም ጀምሯል። እስከ መልቀቂያ ሰዓት ሁለቱን አስማሚልኝ። ካልቻልሽ ያንቺን አወርደውና ለአሮጌ ዕቃ ገዢ እሰጠዋለሁ፣ ለጠየቀኝም ሁሉ ልጅቷ ሰዓት አትችልም እላለሁ።» ከዚያ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ «እህትሽ ሁለት ሆኖላታል። ሦስተኛዋ ነገም ብትሆን ሰበብ አልሰማም» አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፋት እንኳ የራስ ሐሳብ ይፈልጋል።

ሱቄን ከውስጥ ዘጋሁና ሰባቱን ሰዓቶች ጠረጴዛው ላይ አጋደምኳቸው። የምሠራውን ሰዓት ሁሉ ጀርባው ላይ በእርሳስ ቀን እጽፍበታለሁ፤ ከአባቴ የወረስኩት ልማድ ነው። አሁን ያንን እያነበብኩ፣ ተመልሰው ሲመጡ ስንት ደቂቃ እንደዘገዩ ከያዝኩት ጋር አስተያየሁት። ዓርብ የሰጠሁት ስምንት ደቂቃ ዘግይቷል። ቅዳሜ የሰጠሁት ስድስት። እሑድ የሰጠኋቸው ሁለቱ፣ አንዱ ከዳገቱ ሰፈር አንዱ ከወንዙ ዳር፣ አራት አራት። ትናንት የሰጠኋቸው ሁለት ሁለት። አንድ ጊዜ አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። በቀን ሁለት ደቂቃ፤ ሁሉም፣ ያለ ልዩነት። ሰዓት ሲሳሳት እንደ ሰው ነው፣ ሁሉም በራሱ መንገድ ነው የሚሳሳተው። አንዱ ሙቀት ሲነካው ይሮጣል፣ አንዱ አቧራ ሲቀምስ ይተኛል፣ አንዱ ያለ ምክንያት ማኩረፍ ይወዳል። አባቴ «ሁለት ሰዓት አንድ ዓይነት ስህተት አይሳሳትም» ይል ነበር፤ በስህተታቸው እንደ አሻራ ይለያቸዋል። እነዚህ ሰባቱ ግን ስህተታቸው አንድ ነው። ሰባተኛው ደግሞ መስታወቱን ብቻ ቀይሬለት ዘይት ጭራሽ ያላስነካሁት ነበር። እሱም በቀን ሁለት ደቂቃ። ዘይቱ አይደለም ማለት ነው። እጄም አይደለም ማለት ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልመጣልኝም፤ ደስታውን የሚያሳንስ ነገር ከኋላው ቆሟል። ሰባቱንም ግድግዳው ላይ ሰካኋቸውና በአንድ ልክ አስነሳኋቸው፤ ከመሃላቸው የአባቴን በእጅ የሚጠመዘዝ ሰዓት አስቀመጥኩ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልንቀሳቀስ አየኋቸው። ሰባቱ የሰኮንድ ቆጣሪዎች እንደ ሰልፈኛ እኩል ይራመዳሉ፤ አንዱ ከአንዱ አይቀድም፣ አይዘገይም። የአባቴ ብቻውን አምስት ሰኮንድ ቀደማቸው። ሰባት ቤት፣ ሰባት ዕድሜ፣ ሰባት ዓይነት አቧራ፤ የሚጋሩት ምንድን ነው? ዓይኔ ከአንደኛው ሰዓት ጀርባ በወጣው ገመድ ላይ እየተንሸራተተ ወረደ፣ ወረደ፣ ሶኬቱ ላይ ደርሶ ቆመ። በልጅነቴ አባቴ የደንበኛን የእጅ ሰዓት ሲሞላ የሚያስተያየው ከሽቦ ሰዓቱ ጋር ነበር። «ሰው ይሳሳታል፣ ሞላውም ይላላል፣ ሽቦው ግን አይሳሳትም» ነበር የሚለው። ይህን ቃል እንደ ሃይማኖት ይዤ አድጌ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የከተማውን ሰዓት ሁሉ ስፈታ፣ ሶኬቱን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩትም።  ሱቁ ውስጥ ማንም የለም፤ ግን ከሰባቱ ሰዓቶች ጀርባ አንድ እጅ ያለ መሰለኝ፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ የሚጎትት።

ስለ ሽቦ የሚነግረኝ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ዳር ባለው የመብራት ማመንጫ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ከእናቴ ጋር ከተኳረፉ ግን አምስት ዓመታቸው ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ አውሎ ነፋስ የመብራት መስመር ጥሎ ነበርና አጎቴ ከማሽኑ ሳይነሳ ቀብሩ አለፈ። በማግስቱ ሲመጣ እናቴ በሩን ከፍታ አየችውና «ሽቦ ከሰው በለጠብህ» ብላ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙ አይነሳም፤ ማንሳት ግድ ከሆነ «ያ ሰውዬ» ነው። እኔ አንዳንዴ ተደብቄ አየዋለሁ። ከመንገድ ዳር ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ገዝቼ በሚኒባስ ሄድኩ። የማመንጫው ዘበኛ አጎቴ ለዘጠኝ ቀን ወደ ቤቱ እንዳልሄደ ሲነግረኝ ያጋነነ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፣ በጫማዬ ሶል ነው። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ በትልቅ እንስሳ ጀርባ ላይ የምሄድ መሰለኝ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ የለቀቀ፤ ጥግ ላይ ካርቶን ተነጥፎ አንድ ሰው ተኝቷል፣ ጫማውን እንዳደረገ። ሌሎች ሦስት ሰዎች ትሪ የሚያህል ባለ መስታወት መለኪያ ፊት ተቀምጠዋል። መስታወቱ አናት ላይ በቀይ «50» ተጽፏል፤ ከሥሩ አንዲት ቀጭን መርፌ ትንቀጠቀጣለች፣ ከቀዩ በፀጉር ያህል ዝቅ ብላ። አጎቴ መሃለኛው ነው። ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አንድ እጁ ከፊቱ ያለ የብረት መዘውር ላይ አርፏል። ዞር ብሎ አላየኝም።

«መጣሽ?» አለ። «ቁጭ በይ። የተኛውን እንዳትረግጪብኝ፣ ተራው ሊደርስ ነው።»

«ጋሼ፣ ሰዓቶቼ በሙሉ ወደ ኋላ ቀርተዋል።»

«ስንት?»

«በቀን ሁለት ደቂቃ።»

ከጎኑ ያለው ሰውዬ በወረቀት ላይ የሆነ ነገር አሰላና ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ናት» አለ፤ «ከኛ መቁጠሪያ ጋር እኩል ነው የመጣችው።» እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ የተሞገስኩበት ቀን የለም።

አጎቴ ዓይኑን ከመርፌዋ ሳያነሳ አስረዳኝ። የሽቦ ሰዓት የራሱ ልብ የለውም፤ የሚቆጥረው የማመንጫውን ምት ነው። ማመንጫው በሰኮንድ ሃምሳ ጊዜ ከመታ ሰዓቱ ልክ ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ ምቱ ይመጣልን የነበረው ከማዶ ነበር፣ ከትልቆቹ ማሽኖች፤ እነዚያን እንኳን ሸሚዝ ፋብሪካ፣ ከተማ ሙሉ ቢጫንባቸው አይነቃነቁም። ይኼ የኛው አሮጌ ማሽን እነሱ መስመር ሲጠግኑ ለሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲያቆየን የተሠራ ነው። ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑን ሀገር ተሸክሟል። ሸክሙ ሲበዛበት ይዘገያል፤ በጣም ከዘገየ ራሱን ይጥላል፣ ያኔ ሆስፒታሉም፣ ውኃውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨልማል። «የመንገዱን መብራት አጠፋን፣ ብረት ማቅለጫውን አስቆምን፤ ሌላ የምናጠፋው ሰው ያለበት ብቻ ነው» አለኝ። «ስለዚህ እናዘግማለን።»

«ለካ ሰዓታችንም የእነሱ ነበር» አልኩ።

«ነበር» አለ። «አሁን እኛ ነን የምንመታው። ትንሽ ያነክሳል እንጂ የኛ ነው።»

እዚያው ቆሜ የገባኝን ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ማዶ አንድ የማላውቀው ሰው፣ ምናልባት ቁርሱን በልቶ፣ ምናልባት እየቸኮለ፣ አንድ ማብሪያ ተጫነ፤ እዚህ የእህቴ አንድ ጫማ በእጇ ቀረ። ተራራ የሚጠይቅ ጉልበት ወጥ ቤታችን ድረስ መጥቶ ከእናቴ ማንኪያ በላይ ተሰቅሎ ነበር፣ እኔ ዘይት አስነካዋለሁ። በዚያ ሁሉ ጉልበት ፊት የቆሙት ደግሞ እነዚህ አራት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ እንዲያውም ተኝቷል። ስጠብቅ መርፌዋ ድንገት ዝቅ አለች። የአጎቴ እጅ መዘውሩን በጣት ያህል አዞረው፤ ከወለሉ ሥር እንስሳው አጉረመረመ፣ መርፌዋም ቀስ እያለች ተመለሰች። «ሸሚዝ ፋብሪካው ከምሳ ተመለሰ» አለ። ጥቂት ቆይታ ደግማ ንቅንቅ አለች። «ሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያውን አስነሳ።» ፊቴን ወደ መስታወቱ አስጠግቼ አየሁ። እህቴ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስትጫን፣ ያ በሽቦው መጥቶ እዚህ መርፌ ይነካል፤ አጎቴም ስሟን ሳይጠራ ይሸከማታል። ከተማውን እንደዚያ፣ በአንዲት መርፌ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ፣ አይቼው አላውቅም።

እንቁላሉን ልጬ በእጁ ሰጠሁት፤ መርፌዋን እያየ በላ። «እሷ ናት የላከችው?» አለኝ። አዎ ብል ውሸት ነው፣ አይደለም ብል ጭካኔ ነው፤ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ከዳቦው ጋር አብሮ ዋጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁንም ምድጃዋን የምትለኩሰው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ከዜናው በፊት። አትቀይርም።»

«ማታ አሥራ ሁለት ላይ የከተማው ምድጃ ሁሉ ይበራል፣ ያኔ ነው የሚከብደን» አለ። «የሷን ለይቼ አላየውም፣ አልዋሽሽም፤ ከመቶ ሺህ አንዱ ነው። ግን ሰዓቷን አውቀዋለሁ። አምስት ዓመት፣ ተራዬ በሆነ ማታ ሁሉ፣ መርፌዋ በዚያች ሰዓት ዝቅ ስትል ‹ይኸው አበራች፣ ደህና ናት› እላለሁ።»

ልሄድ ስነሳ እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠየቅኩት። «ጥገናው እስኪያልቅ» አለ፤ ካርቶኑ ላይ የተኛው ሰውዬም ዓይኑን ሳይገልጥ ሣቀ።

ፋብሪካው የደረስኩት አሥር ተኩል ላይ ነው። ለአቶ ደንብ እውነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ ስለ ምቱ፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ መርፌዋ። ጣቱን አነሳብኝ። «የመንግሥት ጉዳይ ውስጥ አታስገቢኝ። ሰዓት አስማሚ አልኩሽ፣ ሀገር አስታርቂ አላልኩም።» እሺ አልኩ። «እንግዲያው ልክ የምትሄደው ባትሪዋ ናት። እሷ ሥራው ካለበት አዳራሹ ውስጥ ትሁን። የሽቦው በሩ ላይ ይሁን፤ ጥበቃው ሻይ የሚያፈላበት ሶኬት አለ።» ልክ የሆነው ሥራው ካለበት የሚለው ደስ አሰኘው፤ እንደ ደንብ ይመስላል። መሰላል አስመጣ። ትልቁን ከአዳራሹ አውርጄ በሩ ላይ ሰቀልኩ፣ ትንሿን አዳራሹ ውስጥ፤ ሁለቱንም አቶ ደንብ እያየ እስከ ሰኮንዷ አስተካከልኳቸው። እየተመላለሰ አይቶ «ተስማሙ» አለ። አልዋሸሁትም። ዛሬ ተስማምተዋል።

መሰላሉን ይዞልኝ የነበረው ጥበቃ ግን ጭንቅላቱ ፈጣን ነው። «ስለዚህ ይኼ የበሩ…» ብሎ ጀመረ።

«በቀን ሁለት ደቂቃ» አልኩት፣ ስልኬን ከመሳቢያው እያወጣሁ። «ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት። ለሚገባው ሰው ማለቴ ነው።»

«የውስጧስ?»

«የውስጧ ልክ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን አሥራ አንድ ትላለች።»

መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። «እግዜር ጥገናቸውን ያርዝመው» አለ፣ ከዚያ ግራ ቀኝ አይቶ «ኧረ፣ እኔ ምንም አላልኩም።» አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት መቶ ሴቶች በልኩ ሰዓት ሲወጡ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። እህቴ በዚህ ሰዓት ውጭ መሆኗን ማመን አቅቷት ሰማዩን አየች።

ቤት ስንገባ እናቴ ድንች እየላጠች ነበር፤ ልጣጩን ሳትበጥሰው የምታወጣው እንደ ሪባን ነው። ድስቱ ውኃ ተሞልቶ ምድጃው ላይ ተጥዷል፣ ምድጃው ግን ገና አልበራም። ቀጥ ብዬ ወንበሩን ስቤ ሰዓቱ ሥር ቆምኩ።

«አትንኪው አልኩሽ።»

«ያ ሰውዬ ጋ ነበርኩ» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። እህቴ ልትወጣ ስትል በዓይኔ አስቀረኋት። ወንበሩ ላይ እንደቆምኩ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስለሚንቀጠቀጠው ወለል፣ ስለ ካርቶኑ፣ ዘጠኝ ቀን ቤቱን እንዳላየ፣ እጁ ከመዘውሩ እንደማትነሳ። ሰዓቱ እንዳልታመመ፣ የሱን እርምጃ ይዞ እየሄደ እንደሆነ። የምድጃውንም ነገርኳት፤ መጨረሻ ላይ፣ ቀስ ብዬ።  እናቴ ድንቹን እንደገና ያዘችና ልጣጩ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበጠስባት አየሁ። የተበጠሰውን ከወለሉ እያነሳች «ጢሙን ተላጭቷል?» አለች።

«አልተላጨም።»

«ድሮም ሰነፍ ነው» አለች፤ ድምፁ ግን የስድብ አልነበረም።

ይዤው የመጣሁትን የአባቴን ሰዓት እያየሁ የግድግዳውን ፋብሪካው በር ላይ ከሰቀልኩት ጋር አስተካከልኩት። እህቴ «ታዲያ ነገ ስንት ሰዓት ልውጣ?» ብላ ስትጠይቅ «ይኼ አሥራ ሁለት ተኩል ሲል» አልኳት፤ «የበሩም የሽቦ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱ አንድ እግር ናቸው፣ አብረው ነው የሚያነክሱት። አትዘገዪም።» እናቴ ማንኪያዋን ወደ ግድግዳው ቀሰረች፣ እንደ ጠዋቱ። «ከአሁን ወዲያ እንዳትነኪው» አለች። «ወንድሜ በሚሄድበት ይሂድ።» እህቴና እኔ ተያየን። ቃሉን ከሰማነው አምስት ዓመት ሆኖናል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። እናቴ እጇን አድርቃ ምድጃው ጋ ሄደች፤ ማብሪያውን ያዘችና ሳትጠመዝዘው ቆመች። ሬዲዮው አልተከፈተም። ሰዓቱ ብቻ፣ ከሽቦው ጋር፣ ዝም ብሎ ይዞራል።

«ባበራው ይከብደዋል?»

«እንደ ፀጉር» አልኳት።

«ያውቃል?»

«ሰዓቱን ያውቃል።»

ጠመዘዘችው። የምድጃው ጠመዝማዛ ሽቦ ከመሃሉ ጀምሮ ቀስ እያለ ቀላ፤ እናቴ ጎንበስ ብላ ቅላቱን ታየው ጀመር፣ ከመስኮት ማዶ ያለ ሰው እንደሚያዩት። ድስቱ ገና አልሞቀም። እስኪፈላ የምትጠብቅ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀና አለችና አጠፋችው። ቅላቱ ወደ ጥቁር ሲመለስ ድስቱን ከደነችው፣ ዳቦውንም አወጣች። እህቴ ርቧት ስለነበር እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች። እናቴ በማንኪያዋ መታ አደረገቻት።

«ተይው» አለች። «አይቶናል።»